የእሑድ ትንፋሽ

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ሲጋራ አጨስ እንደሆነ ነው። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠይቀኝ ደሜ ፈላ። እኔ እንኳን ላጨስ፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሞክሮ ቢመጣ ሳምንት ሙሉ አኩርፌዋለሁ። ሐኪሙ ቁጣዬን ችሎ «ታዲያ ሥራዎ ምን ነበር?» አለኝ። ባልትና አልኩት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ሠላሳ ዓመት። መጻፉን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በኋላ የሲጋራን ነገር አላነሳብኝም።

ባልትና ቤት ውሎ የማያውቅ ሰው ይሄን አይረዳውም። በርበሬ ሲቀነጠስ ያስላል፣ ሲወቀጥ ያስላል፣ ሲነፋማ አይነሳ። ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ግቢዬ፣ አራት ሴቶች ቀጥሬ ስሠራ ከጠዋት እስከ ማታ ሁላችንም ስናስልና ስናስነጥስ ነበር የምንውለው። ደንበኛ ገና በሩ ላይ ሆኖ ሲሰማን «ዛሬ በርበሬው ደህና ነው ማለት ነው» ብሎ ይስቃል። እኛ ቤት ሳል የጥሩ በርበሬ ምልክት እንጂ የበሽታ ምልክት አልነበረም። ሴቶቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የሚለቃቸው ሳል እኔን በበዓል ቀንም እንደማይለቀኝ ልብ ያለ ሰው የለም። እኔም ራሴ በርበሬው ነው እል ነበር። ባልትናውን ዘግቼ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላም፣ ቤት ውስጥ አንድ ፍሬ በርበሬ ሳይኖር፣ በርበሬው ነው እል ነበር።

ሐኪሙ አንድ ቱቦ አፌ ውስጥ አስገብቶ «ይንፉ፣ ይንፉ፣ ይንፉ፣ አያቁሙ» እያለ አስነፋኝ። ቤት ሙሉ ሰው በቁጣ ጸጥ አሰኝ የነበርኩ ሴትዮ አንዲት ቱቦ መንፋት አቃተኝ። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው፣ ጨርሶ አይድንም፣ በመድኃኒት ግን ይያዛል አለኝ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት አዘዘልኝ። አንደኛው ሲያፍነኝ ብቻ የምጠቀምበት ነው፤ እሱን በጤና መድን ደብተሬ አገኛለሁ። ሁለተኛው አዲሱ ነው፤ ቢያመኝም ባያመኝም በየቀኑ የሚሳብ። እሱ በመድኑ አይሸፈንም።

አዲሱን ያገኘሁት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ካለ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ነው። ባለሙያዋ ልጅ ዋጋውን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሰው መርዶ ሲረዳ የሚነጋገሩትን ዓይነት አነጋገር። ለስንት ጊዜ ነው ብላት ለአንድ ወር ነው አለች። ከዚያስ ብላት ከዚያማ ሌላ ይገዛል አለችኝ። የምኖረው ግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንዲት ሰርቪስ ክፍል አከራይቼ ነው፤ ከኪራዩ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ግን ልጅቱ አጠቃቀሙን አሳየችኝ። ካፕሱሏ አትዋጥም፤ ትንሽዬ ዕቃ ውስጥ ትገባና ትበሳለች፣ ከዚያ ውስጧ ያለው በትንፋሽ ይሳባል። ውስጧ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ዱቄት ነው እማማ» አለችኝ። ሳሌ እስኪነሳ ሳቅኩ። ልጅቱ ምን እንዳሳቀኝ አልገባትም። ሠላሳ ዓመት ዱቄት ስባ የታመመች ሴትዮ፣ ገንዘብሽን ክፈይና ሌላ ዱቄት ሳቢ መባሏ ያስቃል እንጂ።

በታክሲ ስመለስ የሆነውንም አልረሳውም። ታክሲ ውስጥ መስኮት መክፈት ጠብ መፈለግ ነው፤ ብርድ መታኝ የማይል የለም። ስንት ጊዜ ታፍኜ ትንሽ ክፈቱልኝ ብዬ ለምኜ ተገላምጫለሁ። ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ እንደሳልኩ ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ደግሞ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወርዶ ጋቢና ገባ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ታክሲ ውስጥ የልቤን አየር አገኘሁ፤ ያገኘሁትም ስለፈሩኝ ነው።

ልቀየማቸው አልቻልኩም። ከሠራተኞቼ አንዷ ሳሏ ከሁላችንም ሳል የከበደ ነበር። ቲቢ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ እንጂ ነይ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ አላልኳትም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ብርጭቆዋን መለየት ነው፤ ሰማያዊ አበባ ያለበትን ለብቻው መስኮት ላይ አስቀመጥኩላት። ሲለይባት አይታለች። ሁለት ወር ሳይሞላ መምጣት ተወች፣ እኔም የት ደረሰች ብዬ አላፈላለግኳትም። ብርጭቆው ግን አለ። መድኃኒቱን ከሳብኩ በኋላ አፍ ይጉመጠመጥ ተብሏል፤ እኔም የምጉመጠመጠው በእሱ ነው። ያፈርኩበትን ነገር በእጄ መያዝ ይገባኛል ብዬ ነው።

መድኃኒቱ እንደሆነ ሠራልኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ኪሎ ሽንኩርት ሳልቀመጥ ከትፌ መጨረሴን የነገረኝ ወገቤ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መንገድ ላይ አጥር ተደግፌ የማርፍባት ቦታ አለች፤ እሷን ሳላያት አልፌ ተመልሼ አየኋት። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ፣ ቤት ስገባ ግን የምነግረው ሰው አልነበረም። የድሮ ጎረቤቶቼ ግማሾቹ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል፣ ግማሾቹ ሞተዋል። ተከራዬ በማለዳ ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ሬዲዮ ላይ ዜና የምታነበውን ሴትዮ «ሰማሽ፣ ዛሬ ሳላርፍ ሄድኩ» አልኳት፤ እሷ ወደ አየር ሁኔታው አለፈች።

አንዲት ልጅ አለችኝ። ለቡ ነው የምትኖረው። ከእኔ ቤት እሷ ጋ ታክሲው ከተገኘ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ በአንድ ክፍለ ከተማ እየኖርን ነው የምንናፈቀው። ችግሩ መንገዱ አይደለም። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም።

የትንሹ ልጇ ክርስትና ዕለት፣ ገና ሐኪም ሳያየኝ በፊት፣ ያንን ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣሁት። አንደኛው ፎቅ ላይ ጎንበስ ብዬ ያልተፈታ ጫማ አሰርኩ። ሁለተኛው ላይ የማላውቀውን ሰው አበባ ቆሜ አደነቅኩ። ሦስተኛው ላይ ሰበብ አለቀብኝና ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «እሺ፣ እሺ፣ በቃ ደርሻለሁ» እያልኩ ባዶ ስልክ ማውራት ጀመርኩ። አንዲት ጎረቤቷ አልፋኝ ወጥታ፣ ተመልሳ ስትወርድም እዚያው ነበርኩ። ስደርስ ዳቦው ተቆርሷል። ጎረቤትየዋ እናትሽ ደረጃ ላይ ስልክ እያወሩ ነው ብላ ነግራት ኖሮ ልጄ ፊቷን አጥቁራ ጠበቀችኝ። «የልጄ ዳቦ ሲቆረስ እንኳ ስልክ በለጠብሽ» አለችኝ። ዳቦዬን ተቀብዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ሄጄ አላውቅም፤ ነይ ባለችኝ ቁጥር እግሬን አሞኛል እላለሁ። እሷም ቅዳሜን ጨምራ ስለምትሠራ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆችም ስላሏት፣ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ መደወል ብቻ ቀረን።

ለምን አልነገርሻትም የሚል ይኖራል። እሷና ባሏ የቤቱን ዕዳ በየወሩ ለባንክ ይከፍላሉ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት አለ። አሞኛል፣ መድኃኒቱ ይሄን ያህል ነው ብሎ መንገር ክፈይልኝ ማለት ነው። ይሄ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ ብርጭቆ ነው። ልጄ ቤት ለእኔ ብቻ የሚለይ ብርጭቆ ማየት አልፈለግኩም።

ሁለተኛውን ፓኬት የገዛሁ ጊዜ ወሩን ሙሉ ሽሮ ብቻ እየበላሁ ጨረስኩት። ሦስተኛውን ስገዛ ግን አቅሜን አወቅኩት፤ አራተኛ እንደማይኖር ገባኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳየው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቤቴ ውስጥ የሚሰማኝ ሰው ከሌለ ለማን ብዬ ነው ደህና የምተነፍሰው? የሚሰማኝ ሰው ያለው እሑድ ልጄ ስትደውል ነው። እኛ ቤት ጥሩ ነገር ድሮም ለእንግዳ ነው የሚቀመጠው፤ ጥሩው ሰሃን፣ ጥሩው አልጋ ልብስ፣ ማሩ። እኔም ትንፋሼን ለእንግዳ አስቀመጥኩት። እሑድ ጠዋት አንድ ካፕሱል እስብና ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። የወር የተባለው መድኃኒት እንዲህ ሆኖ የብዙ ወር ሆነልኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን እሆን እንደነበር የሚያውቀው የአልጋዬ ራስጌ ነው፤ ተቀምጬ ስለምተኛ ትራሱ ቅርፁን ለውጧል።

ሁዳዴ ሲገባማ ጭራሽ ሰበብ አገኘሁ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ዱቄቱ ውስጥ ትንሽ የወተት ስኳር እንዳለ ነግራኝ ነበርና ጾሜን አላፈርስም ብዬ እሑዱንም ልተወው አሰብኩ። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው ሐኪሙ ክትፎ አላዘዘልሽም፣ መድኃኒት ነው፣ በየቀኑ ውሰጂ ብለው ገሠጹኝ። ሰበቤን ተነጠቅኩ። በየቀኑ ያሉትን ግን እንዳልሰማ አለፍኩት።

አንድ እሑድ ልጄ ደውላ ብዙ ሳቅን። ትልቋ የልጅ ልጄ ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ልወርውር ብላ አራተኛ ፎቅ ላይ ጣሪያ ማጣቷን ስትነግረኝ ሳልቆራርጥ፣ ሳላስል ሳቅኩ። ልጄ ድምፅሽ እንዴት ደስ ይላል፣ እኔኮ አንዳንዴ ደብቀሽኝ አሞሽ ይሆናል ብዬ እሰጋ ነበር አለችኝ። ከዚያ ልጆቹ ይጠይቁሻል፣ በሚቀጥለው እሑድ ነይ አለች። እንደ ልማዴ እግሬን አልኳት።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ። እሰማሻለሁኮ፣ ከእኔ የተሻለ ደህና ነሽ። እኔ ቤት መምጣት ነው የማትፈልጊው። በቃ፣ ካሁን በኋላ ነይ ብዬ አላስቸግርሽም።»

ስልኩን ዘጋችው። እኔ ሳንባዬ ሙሉ ነበር፣ ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ ነበረኝ፣ የሚሰማኝ ግን አልነበረም። በገንዘቤ ገዝቼ፣ ከአፌ ቆጥቤ፣ ልጄን ጤነኛ እናቷ እንደጠላቻት አሳመንኳት። ያን ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ሽንኩርት ስከትፍ፣ አልጋ ሳነጥፍ፣ እየቆምኩ እያረፍኩ፣ ይሄን ትንፋሽ እሷ ሰምታው አታውቅም እል ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ካፕሱሏን አውጥቼ ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጥኳት፤ አልሳብኳትም። ከቅዳሴ ስመለስ ያቺን አጥር ተደግፌ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። የምትደውልበት ሰዓት አለፈ። አልደወለችም። እኔ ደወልኩላት። ሄሎ ስትለኝ ሰላም ልላት አስቤ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ያ የታፈነ ፉጨት ነበር። ሄሎ፣ እማዬ፣ ሄሎ አለች። አሁንም ፉጨቱ። ድምፅዋ ተለወጠ።

«እማዬ፣ አጠገብሽ ማነው? ማነው እንዲህ የሚተነፍሰው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሁለት ቃል ተናግሬ እያረፍኩ። የደረጃውን፣ የጫማውን፣ ማንም ያልደወለልኝን ስልክ፣ የእሑዷን ካፕሱል፣ ዋጋውን። ከዚያ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ፣ ትልቋ ልጇ የት ነው የምትሄጅው ስትላት ሰማሁ፣ በር ተዘጋ። ስልኩን አልዘጋችውም ነበርና እርምጃዋ ይሰማኝ ጀመር። ባዶ ስልክ ያወራሁበትን ፎቅ፣ አበባ ያደነቅኩበትን፣ ጫማ ያሰርኩበትን፣ አንዱም ጋ ሳትቆም ወረደችው።