ወደ ቶዲ የሚያወጣው ዳገት

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ በምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ አንዲት አሮጌ መኪና መውጫውን ዘግታ ቆመች። ማርሿ በእጅ የሚቀየር ስለነበር ከወጣት ባልደረቦቼ አንዳቸውም ሊያንቀሳቅሷት አልቻሉም። እኔ ገብቼ ወደ ጎን አወጣኋት። የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ «ጣልያን፣ ዳገት ላይ» አልኳቸውና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዳገቱ ግን ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም።

ኮሌጅ የጨረስኩ ዓመት ነው፤ ካርታ ገና በስልክ አይታይም። ቤታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ነበር፤ አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ልጅ ሳለ አዲስ አበባ የተማረው ጣልያኖች በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው። የክፍሉ ግድግዳ ላይ በኮረብታ አናት የተቆረቆሩ ከተሞች ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ እነሱን ማየት እንደሚመኝ ስሰማ አድጌያለሁ። እማዬ ድንኳን ውስጥ አልተኛም ብላ ስትቀር ሁለታችን ሄድን። ሮም ላይ ትንሽ መኪና ተከራይተን፣ ድንኳንና የጋዝ ምድጃ ጭነን፣ በመስከረም ወደ ሰሜን ወጣን።

ቀን ቀን ከተማ እናያለን፤ ሲመሽ የወይራ ዛፎች ሥር ድንኳን እንተክላለን። የአገሩ ዳቦ ጨው የለውም፤ በቲማቲምና በቃሪያ እያጣፈጥን በላነው። የአባቴ ጣልያንኛ ዝጎ ነበር፤ ስለ መኪና ሲሆን ግን ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም በአማርኛ ሲጠራ ሰዎቹ ይገባቸዋል። አሲሲ ከተማ ደረጃዎቹን ስንወርድ ክርኔን ያዘኝ። ደክሞት መሰለኝ።

ወደ ቶዲ በሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አንድ ብስክሌተኛ ከቀኝ በኩል ገባ። አባቴ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ጮኼ መሪውን ጎተትኩት። ሰውዬው ተንገዳግዶ አለፈ። አባቴ መኪናውን አንድ የበለስ ዛፍ ሥር አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

«አላየሁትም» አለኝ።

«አጠገባችን እኮ ነበር።»

«ጎንና ጎኑ ጨልሞብኛል። የቀረኝ መሀሉ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። የዓይኑ ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን እየጎዳው እንደሆነ ሐኪሙ ከነገረው ቆይቷል። ለማንም አልተናገረም። ታክሲውን ቢተው በየማለዳው ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። እነዚህን ከተሞች ደግሞ መሀሉም ሳይጠፋ ሊያያቸው ፈልጎ ነው የመጣው።

ከማዘኔ በፊት ተናደድኩ። በዚያ ዓይን ስንት ሰው ጭኖ በሀይዌይ እንደነዳ ነበር የማስበው። ቁልፉን እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። ማርሽ አትችዪም አለኝ። ታስተምረኛለህ አልኩት።

ወንበር ተቀያየርን። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ እንድለቅ፣ ሞተሩን በጆሮዬ እንዳዳምጥ፣ መኪናው ወደ ኋላ ሲሸራተት እንዳልደነግጥ ነገረኝ። ሞተሩ ደጋግሞ ጠፋ፤ ከኋላችን ወይን በትራክተር የጫነ ገበሬ ሳይቆጣ ጠበቀን። ላብ በላብ ሆኜ ከተማው በር ደረስን።

አደባባዩ ዳር አባቴ ወደ ሸለቆው ዞሮ ቆመ። እርሻውን፣ ከዚያ መንደሩን፣ ከዚያ ተራራውን፣ አንገቱን ቀስ እያዞረ ቁራጭ በቁራጭ አየ። አልቸኮልኩበትም። ሲጨርስ ግን አሌክሳንድሪያ ስንገባ ለእማዬ ማን እንደሚነግራት ጠየቅኩት።

«እኔ እነግራታለሁ» አለኝ።

ነገራት። እማዬን ከበሽታው ይልቅ ከእሷ መደበቁ አስለቀሳት። ታክሲውን ተወ፤ ሕክምናው የቀረውን የዓይኑን ብርሃን ለዓመታት አቆየለት።

አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል። ያን ቀን ከእጁ አንድ ነገር የነጠቅኩት እየመሰለኝ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ የከበደውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሚነግረው ለእኔ ነው። ባለፈው ክረምት የልብ ሕመም እንዳለበት ሲነግረኝ ለምን እኔን እንደሚያስቀድም ጠየቅኩት።

«አንቺ ትቆጫለሽ እንጂ አታለቅሺም» አለኝ።

እውነት ነው፣ ሳለቅስ ድምፄን አላሰማም። ፊቴን ደግሞ አያየውም።