የሁለታችን ውጤት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በመጣበት ክረምት እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ሁለታችንም የተፈተንነው በአንድ ዓመት፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። በፊት በሁለት ክፍል ይቀድመኝ ነበር፤ ወባ እየደጋገመ ጥሎት ከስምንተኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት ስላቋረጠ ደረስኩበት። በከተማችን በሸዋ ሮቢት ወባ ያልያዘው ሰው አልነበረም፤ የእሱ ግን ይከፋል። ትኩሳቱ ለቆት ከተነሣ በኋላ እንኳ ያነበበው ነገር ከጭንቅላቱ ቶሎ ይጠፋበት ነበር። ይህን ለእኔ እንጂ ለሌላ ሰው ተናግሮት አያውቅም።

እኔ ትምህርት የቀጠልኩት በእሱ ምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ በከተማችን ከስምንተኛ ክፍል በላይ አይሰጥም ነበር፤ መቀጠል የፈለገ ደብረ ብርሃን ወጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ሴት ልጅ፣ ያውም የእስላም ልጅ፣ ብቻዋን ደጋ ወጥታ ትኑር የሚል አባት በሰፈራችን አልነበረም። የእኔም አባት አላሉም። ያሉት፣ "ወንድምሽ እዚያ እስካለ ተማሪ፤ እሱ ያቆመ ዕለት አንቺም ታቆሚያለሽ" ነው። በዚህ ቃል አራት ዓመት ተማርኩ። እሱ እንጨት ይገዛል፣ እኔ አበስላለሁ፣ በአንድ ጠረጴዛ እናጠናለን። ሥጋ ሲያምረን እስከ እስላም ሥጋ ቤት ድረስ በብርድ የሚሄደው እሱ ነበር።

ስለዚህ በነሐሴ ውጤት መጣ ሲባል የጨነቀኝ የራሴ ብቻ አልነበረም። እኔ ብወድቅ የምወድቀው ለብቻዬ ነው። እሱ ከወደቀ ግን እኔም አብሬው እወድቃለሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸውን በሱቃችን በረንዳ ላይ አውጥተው ከጠዋት ጀምሮ ይሰፋሉ። ውጤቱን እንዲያመጣ ወንድሜን ደብረ ብርሃን ላኩት። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። እኔ በረንዳው ላይ የሰው ሸሚዝ ቁልፍ እየሰፋሁ ነበር፤ ከአውቶቡሱ ሲወርድ አየሁትና ከአረማመዱ አንድ ነገር ለማወቅ ሞከርኩ። እንደ ወትሮው ነው የሚራመደው።

"እንዴት ሆነ?" አሉ አባቴ፣ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሡ።

"አልፈናል፣ አባባ" አለ። "ሁለታችንም።"

መኪናው ቆመ። አባቴ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ሁለት እጃቸውን በፊታቸው ላይ አሳረፉ። እናቴ እጇን ሳትጠርግ ከጓሮ ሮጣ መጣች። ወንድሜ ከኪሱ ሁለት ወረቀት አውጥቶ ለአባቴ ሰጣቸው። አባቴ ቁርዓን ይቀራሉ፤ የአማርኛ ፊደል ቀስ ብለው ይለያሉ፤ የፈረንጅ ፊደል ግን ጨርሶ አያውቁም። ወረቀቶቹን ሁለት ዓይነት ጨርቅ እንደሚያወዳድር ሰው ጎን ለጎን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሯቸው።

"ይሄ የማነው?"

"የእሷ።"

"ይሄኛው ያንተ ነዋ? የእሷ አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚደጋገመው። ያንተ ብዙ ዓይነት አለበት" አሉና በኩራት ሳቁ።

በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አየሁ። የእኔ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። የእሱን አየሁ። እንግሊዝኛ ወድቋል። ሒሳብ ወድቋል። ያለፈው አማርኛና ጂኦግራፊ ብቻ ነው። ቀና ስል ወንድሜ ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነበር። ምልክት አልሰጠኝም፤ ዝም ብሎ ብቻ አየኝ። እኔም ዝም አልኩ። እናቴ ስታቅፈኝ፣ ጎረቤቱ "ማሻ አላህ" እያለ ሲሰበሰብ አንድ ቃል አልወጣኝም። የዋሸው እሱ ብቻ ነው ብዬ ራሴን ማታለል ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

በማግሥቱ ከከተማው ዳር ካለችው ትንሽ የማሽላ ማሳችን አረም ስነቅል መጣ። ሮቢ ወንዝ ደጋ በዘነበው ዝናብ ሞልቶ ድምፁ እዚያ ድረስ ይሰማል። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ እሱም መንቀል ጀመረ።

"አየሽው አይደል?"

"አየሁት።"

"እንግዲያው ዝም በይ። አስቤበታለሁ። አዲስ አበባ አብረን እንሄዳለን። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ትገቢያለሽ፤ እኔ ሥራ እፈልግና ፈተናውን እንደገና እወስዳለሁ። አባባ አዲስ አበባን አያውቋትም። ማን ይነግራቸዋል?"

"እዚያ የሚማር የደብረ ሲና ልጅ አለ። ለበዓል ሲመጣ ቢናገርስ?"

"አይናገርም።"

"ደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ብገባስ? አንድ ዓመት ብቻ ነው።"

"ደብረ ብርሃን ማን እንዳለፈ፣ ማን እንደወደቀ የማያውቅ የለም። በሳምንቱ አባባ ጆሮ ይገባል። ደግሞስ ኬሚስትሪ እማራለሁ እያልሽ ጆሮዬን ስታደነቁሪኝ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም?"

እውነቱን ነው። አንድ አስተማሪያችን፣ "አንቺ ዩኒቨርሲቲ ሳትገቢ ብትቀሪ እኔ ነኝ የማዝነው" ብለውኝ ነበር፤ ያንን ቃል ለማንም ሳልናገር ይዤው ነበር የምዞረው። ሄደን ብንታወቅስ? ብንቀርስ? ቀርቼ ሰው ቢያገባኝስ? ምግብ እምቢ አለኝ። እናቴ ወባ መስሏት ኪኒን አመጣችልኝ፤ ምን ልበላት? ተቀብዬ ዋጥኩት። ምሬቱ እስከ ማታ ከአፌ አልጠፋም።

አባቴ በበኩላቸው ኮት መስፋት ጀመሩ። ለዓመታት ከሣጥን ሳያወጡ ያስቀመጡት ግራጫ የሱፍ ጨርቅ ነበራቸው፤ ደንበኛ ሲጠይቃቸው "አይሸጥም" ይሉ ነበር። ያንን አወጡት። ወንድሜን በረንዳው ላይ አቁመው፣ "እጅህን ዘርጋ፣ ዙር፣ ቀጥ በል" እያሉ ይለካሉ። መንገደኛው ቆም ብሎ፣ "ዩኒቨርሲቲ የሚገባው እሱ ነው?" ይላል። አባቴ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወንድሜ በሙቀቱ ላይ ሱፍ ለብሶ ላቡ በአንገቱ ሲወርድ፣ እኔ የማዳምጠው መንገደኛውን ሳይሆን የስፌት መኪናውን ነበር። መኪናው በጮኸ ቁጥር ኮቱ ሊያልቅ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የወባ መድኃኒት የሚረጩት ሠራተኞች አለቃ የተቀደደ ሱሪውን ሊያሰፋ መጣ። በየመንደሩ ቤት እየቆጠሩ በር ላይ ቁጥር የሚጽፉት እነሱ ነበሩ።

"ጋሼ፣ ያ ልጅዎ ትምህርቱን ጨርሷል አሉ" አለ። "የሚመዘግብልኝ፣ እጅ ጽሑፉ የሚነበብ ሰው ጠፍቶኛል። ከመስከረም ጀምሮ ቋሚ ሥራ ነው፤ እዚሁ ቀወት ወረዳ ውስጥ።"

አባቴ ሳቁ። "ለሌላ ሰው ይስጡት ጌታዬ። የእኔ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገቢ ነው።"

"እንግዲያው ከማጀቴ የመጣውን ልጅ እወስዳለሁ" ብሎ ሱሪውን ተቀብሎ ሄደ።

ወንድሜ የከሰሉን ካውያ እንደያዘ እዚያው ቆሞ ነበር። ፊቱን አየሁት። ያን ሥራ ፈልጎታል። በሰው ፊት አፉን ከፍቶ "እኔ እገባለሁ" ለማለት ግን አይችልም። ካውያውን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ። ለእኔ ሲል የዋሸው ውሸት እሱን ራሱን ሲበላው ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ዓርብ ዕለት አባቴ ከጁምዓ ሲመለሱ በረንዳው ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ኮቱ የቀረው ቁልፍ ብቻ ነበር።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።"

"ተናገሪ።"

"ወንድሜ አላለፈም። እኔም ወረቀቱን ያየሁ ዕለት አውቄያለሁ።"

"ወረቀቶቹን አምጪ" አሉ። አመጣሁ። በጣታቸው የእሱን ፊደሎች አንድ በአንድ እየነኩ ጠየቁኝ።

"ይሄ ምን ማለት ነው?"

"ወድቋል ማለት ነው።"

"ይሄስ?"

"ይሄም።"

ከዚያ የእኔን ወረቀት አነሡ። "ይሄስ? እውነት ነው፣ ወይስ ይሄንንም አንድ ላይ ሆናችሁ ነው የሠራችሁት?"

ይህን ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሁለቱንም ወረቀት አጥፈው በኪሳቸው ከተቱና ወደ ከተማችን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ቤት ሄዱ። እስኪመለሱ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ተመልሰው፣ "የአንቺ እውነት ነው" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። መቀሳቸውን አንሥተው የኮቱን እጅጌ መፍታት ጀመሩ። አልቀደዱትም፤ ስፌቱን ክር በክር ፈቱት። ያን ሲያደርጉ ወንድሜ ከውጭ መጣ፤ ኮቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ለማን ብዬ ነው የዋሸሁት?" አለኝ በኋላ ጓሮ ውስጥ።

"ለእኔ። አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ሥራው አመለጠህ።"

"ሥራውን አስገቢኝ አልኩሽ? አባባ ፊት እኔ ራሴ እንድናገር እንኳ አልተውሽልኝም።"

በዚያኑ ዕለት ወደ ወባ ሠራተኞቹ ሰፈር ሄደ። የመዝጋቢው ቦታ ለማጀቴው ልጅ ተሰጥቶ ነበር። እሱን መድኃኒት ረጪ አድርገው ቀጠሩት፤ ጋን የሚያህል መርጫ በጀርባው ተሸክሞ ከመንደር መንደር መዞር ጀመረ። እኔን ማናገር ተወ።

ምዝገባው አምስት ቀን ሲቀረው ምሳ በልተን አባቴ እጃቸውን ታጠቡና ጠሩኝ። እናቴም ነበረች።

"እሱ ያቆመ ዕለት ታቆሚያለሽ ብዬሽ ነበር።"

"አዎ፣ አባባ።"

"ይህን እያወቅሽ ነው የነገርሽኝ?"

"እያወቅሁ ነው።"

"አሁን ምን ትፈልጊያለሽ?"

እናቴ ቀደመችኝ። "ደብረ ብርሃን ትሂድ። ቤት ያከራየቻቸውን ሴትዮ እናውቃታለን፤ ደግ ሴት ናት። ዓመት ሳይሞላት አስተማሪ ሆና አጠገባችን ትመጣለች።"

ለእኔ አዝና፣ መሐል መንገድ ፈልጋልኝ ነው። እሺ ብል በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ይቀልልኝ ነበር፤ እሺ ልልም ነበር። የአስተማሪዬ ቃል ትዝ ብሎኝ ነው፣ ወይስ ዳግመኛ የምጠየቅ ስላልመሰለኝ፣ እንጃ፤ ቀስ ብዬ "አዲስ አበባ" አልኩ።

"አልሰማሁም" አሉ አባቴ።

"አዲስ አበባ፣ አባባ።"

ተነሥተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። እስኪመሽ ሰፉ። በማግሥቱ ጠዋት ለእናቴ፣ "ስንቅ አዘጋጂላት። እኔው አደርሳታለሁ" አሏት።

አባቴ ደረታቸውን ስለሚያማቸው በክረምት ከደብረ ሲና በላይ ወጥተው አያውቁም ነበር። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲይዝ ማሳል ጀመሩ፤ አናቱ ላይ ጣርማ በር ስንደርስ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሸፍነው የአላህን ስም እየጠሩ ዚክር ያደርጉ ነበር። እኔ "እንመለስ" ማለት ከብዶኝ፣ አለማለትም ከብዶኝ ተቀመጥኩ።

ዩኒቨርሲቲው ስንደርስ የሴቶቹን መኝታ ቤት የሚጠብቁ አንዲት ጠና ያሉ ሴት በር ላይ ተቀበሉን። አባቴ ከሣጥኔ ጋር ቆመው፣ "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ሥጋውን ማን ነው የሚያርደው?" አሉ።

"ክርስቲያን ነው፣ ጋሼ። የእስላም ልጆቹ ሥጋ ሲሆን አይበሉም፤ ሽሮ ይሰጣቸዋል። ሦስት አሉኝ፤ አንዷም አልከሳችብኝም።"

"በሩስ ሲዘጋ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?"

ሴትዮዋ ከቀበቷቸው ላይ የተንጠለጠለውን የቁልፍ እስር አንሥተው አሳዩአቸው። አባቴ ቁልፎቹን ልክ ጨርቅ እንደሚመረምሩ ትኩር ብለው አዩና፣ "እንግዲያው አደራ" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። ይመክሩኛል፣ ይመርቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ብትወድቂ ወድቄያለሁ ብለሽ ጻፊልኝ" ብለውኝ ሄዱ።

የመጀመሪያው ዓመት በፍርሃት አለፈ። ፈተና በመጣ ቁጥር ያንን ደብዳቤ በሐሳቤ እጽፈው ነበር፤ መላክ ግን አላስፈለገኝም። ወንድሜ አንድ ቃል አልላከልኝም። በሁለተኛው ዓመት ተማሪው አድማ መታና ትምህርቱ ተዘጋ። ሣጥኔን ይዤ ሸዋ ሮቢት ስወርድ፣ ተባርራ መጣች የሚሉኝ እየመሰለኝ ከአውቶቡሱ ለመውረድ ፈራሁ። ወንድሜ እዚያ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ፣ ልብሱ በመድኃኒቱ ነጭ ብሎ። ሊያልፈኝ መስሎኝ ነበር። መጥቶ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አደረገው።

"ይከፈታል?" አለኝ።

"ይከፈታል ይላሉ።"

"እስኪከፈት ቤት ተቀመጪያ። ምሳ በልተሻል?"

አልበላሁም አልኩት። አብረን ወደ ቤት ሄድን።

ትምህርቱ ተከፍቶ ተመለስኩ፣ ጨረስኩም፤ ከዚያ ብዙ ዓመት ኬሚስትሪ አስተማርኩ። ወንድሜ ፈተናውን ዳግመኛ አልወሰደም። በወባ ሥራው ቆይቶ የረጪዎቹ አለቃ ሆነ፤ ከቀወት እስከ አፋር ዳር ድረስ የማያውቀው መንደር አልነበረም። አግብቶ አራት ልጆች ወለደ። ስለዚያ ክረምት የተነጋገርነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ትልቋ ልጁ ማትሪክ ልትፈተን ስትል። "ባትናገሪ ኖሮ እስከ መቼ እንዋሽ ነበር?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። "እኔም አላውቅም" አለና፣ ልጅቷ የምታጠናበትን ክፍል በር ቀስ ብሎ ዘጋው።