ለቲቸር ከሮም ምን ልውሰድ

ሐሙስ ቀን ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት። የሮም ሱቆች ከምሳ በኋላ እንደገና የሚከፈቱበት ሰዓት ነው። ከፓንቴዮን ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ቆሜ የአንድ ሱቅ መስታወት እያየሁ ነበር። በማግስቱ ማታ ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ። ሻንጣዬ ሞልቷል፤ የቀረኝ የአንድ ሰው ስጦታ ብቻ ነው። ግን ዋናው እሱ ነበር።

ሮም የመጣሁት ለሦስት ወር ሥልጠና ነው። የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሆን፣ የተቀደዱና ብል የበላቸው አሮጌ መጻሕፍትን እጠግናለሁ። ብዙ ማውራት የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ እኔም ብዙ አላወራም። ዝምታዬ ችግር የሆነው ለማግባት ሳስብ ነው።

እጮኛዬ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። እናቱ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ሰው ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ስለሆኑ ትልቁም ትንሹም «ቲቸር» ይላቸዋል፤ የገዛ ልጃቸውም ጭምር። ቤታቸው ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጉልበቴን ገጥሜ ተቀመጥኩ፣ ለተጠየቅኩት ሁሉ «አዎ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፣ የቀረበልኝን ዳቦ በልቼ ወጣሁ። ቲቸር አልተቆጡም። ለልጃቸው ግን፣ ልጅቷ መልካም ትመስላለች፣ ነገር ግን ምን እንደምታስብ በምን ልወቅ፣ ሳላውቃትስ እንዴት ብዬ ሽማግሌ ላኩ እላለሁ ብለውታል። ነገሩ እዚያ ላይ ቆሟል። ከሮም በተመለስኩ በመጀመሪያው እሑድ ለሦስተኛ ጊዜ እንድሄድ ተቀጥሯል። ከዚያ በኋላ ወይ ሽማግሌ ይላካል፣ ወይ ነገሩ ይቆያል። የቆየ ነገር ደግሞ ምን እንደሚሆን አይታወቅም።

ስለዚህ አንድ ዘዴ አሰብኩ። እኔ መናገር ካልቻልኩ ስጦታው ይናገርልኝ።

ሮም ውስጥ ያረፍኩት ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር፣ አክስቴ ዘንድ ነው። የእናቴ የመጨረሻ እህት ናት፤ የምትበልጠኝ በአሥራ አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ አንቺ እላታለሁ። አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ትንከባከባለች። ሳምንቱን ሙሉ በስጦታ ጉዳይ ስንከራከር ነው የከረምነው። በእሷ አስተያየት ከሮም የመጣ ዕቃ ከሩቁ ከሮም መምጣቱ መታወቅ አለበት። በወርቅ ቀለም ኮሎሲየም የተሳለባቸው ስድስት ሳህኖች ገዝታ በፎጣዎቼ መሀል ጠቅልላቸዋለች። ሶኬት ላይ ሲሰካ የሚበራ የፒሳ ዘንባላ ግንብም ጨምራለች። ፒሳ እኮ ሌላ ከተማ ነው ስላት፣ ሰፈር ውስጥ ማን ሊያጣራ ነው አለችኝ።

እኔ የገዛሁት ለሥራ ባልደረቦቼ ሽፋናቸው በእጅ ቀለም የተነከረ ትንንሽ ደብተሮች፣ ለእናቴ ደግሞ ከወይራ እንጨት የተሠራ ማበጠሪያ ነው። አክስቴ አንድ በአንድ እያነሳች አየቻቸው።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ቆንጆ ናቸው» አለች። «ግን ሰው ሲያያቸው ከመርካቶ ነው የሚለው።»

ቲቸር የሚያብለጨልጭ ነገር እንደማይወዱ እጮኛዬ ነግሮኛል። አንድ ዘመድ ከሚላኖ ያመጣላቸው ወርቃማ ጀልባ ቁም ሳጥን ጀርባ ነው ያለው። የሚወዱት ጥሩ ጨርቅና ጥሩ ስፌት ነው። ነጠላቸውን ራሳቸው ያጥባሉ፤ ለማንም አይሰጡም።

እና ያ መስታወት። ራስ የሌለው የእንጨት ምስል ቆሟል፤ ትከሻው ላይ ረጅም ነጭ ሐር ተደርቦ በሁለቱም በኩል ወደ ፊት ወርዷል። ዳርና ዳሩ በቀጭን የወርቅ ክር ተሠርቷል። ጀርባው ላይ አንዲት ልከኛ መስቀል አለች። በቃ፣ ነጠላ ነው። ጥለት ያለው፣ ከሐር የተሠራ የክት ነጠላ። ደረቱ ላይ ደግሞ እንዳይንሸራተት ሁለት ትንንሽ መንጠቆዎች ተደርገውለታል። እኛ ስንት ዘመን ነጠላ ስናጣፋ ኖረን ይህን እንዴት አላሰብነውም ብዬ ጣሊያኖችን አደነቅኩ።

አሁን ሳስበው የሚያስጠነቅቀኝ ነገር ሞልቶ ነበር። ሱቁ ውስጥ ቁመቴን የሚያህሉ የመቅረዝ ዓይነቶች ተደርድረዋል። የሴት ልብስ አንድም የለም። ከእኔ ሌላ የነበሩት ሁለት ደንበኞች ቄሶች ናቸው። ግን ሮም ውስጥ ቄስ አውቶቡስ ላይም፣ ጄላቶ ቤትም ይገኛል። ለኢትዮጵያዊ ደግሞ የመስቀል ጥለት ከሚሸጥበት ሱቅ ቄስ ቢያገኝ ምኑ ይገርመዋል?

ባለ ሱቁ ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። «ሶሬላ» ብሎ ተቀበለኝ፤ እህት ማለቱ ነው። አገሬ ከታክሲ ረዳት እስከ ሽንኩርት ሻጭ ሁሉም እህቴ ይለኛል። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠራኝ ስላልነበረ ደስ አለኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ከኢትዮጵያ አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ በፍጥነት ብዙ ነገር ጠየቀኝ። ጣሊያንኛ ቀስ ብለው ሲያወሩኝ እሰማለሁ፤ ሲፈጥኑብኝ ግን ቀስ በሉ ማለት አፍራለሁ። ስለዚህ ለሁሉም ራሴን ነቀነቅኩ። ልብሱን ራሱ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ መንጠቆውን ቆልፎ አሳየኝ። ሳልጠይቀው ዋጋውን ወደ ግማሽ አወረደልኝ። እንደዚያም ሆኖ በእጄ የቀረውን ገንዘብ ከሞላ ጎደል ጨረሰው። ግን በስስ ወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ስጦታዬ መናገር የጀመረ መሰለኝ።

አክስቴ ከሥራ የገባችው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው። አልጋው ላይ ዘርግቼ ጠበቅኳት። በሩ ላይ ቆማ አየችው። ቦርሳዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ የጨርቁን ጫፍ ነካ አደረገች።

«ይሄን የት አገኘሽው?»

ነገርኳት። ያን ጊዜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

አሮጊቷን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳት እሷ ናት። ቄሱ ቅዱስ ቁርባኑን ይዞ ሕዝቡን ሲባርክ ይህን ልብስ ትከሻው ላይ ያደርጋል፤ እጁንም በጫፎቹ ይሸፍናል፤ ያኔ ሁሉም ሰው ይንበረከካል። ይህን እያስረዳችኝ ፊቷ ላይ ሳቅ ሲመጣ አየሁ። መልሳ ዋጠችው፤ እንደገና መጣ።

«እና ለአማትሽ» አለች፣ «የካቶሊክ ቄስ ልብስ ነው የገዛሽላቸው።»

ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለችም። ትራሱ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ረጅሙን ግራጫ ቀሚሴንና እስከ አንገቴ የተቆለፈውን ሸሚዜን እያየች፣ እዚህ ሶሬላ የሚሉት መነኩሴን ነው፣ ሰውየው መነኩሴ መስለሽው እኮ ነው ቅናሽ ያደረገልሽ ብላ እንደገና ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ቲቸርን እያየኋቸው ነበር። እሑድ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በሴቶች በኩል፣ መንጠቆውን ቆልፈው። ጣሊያን የኖረ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ጆሯቸው ላይ ሲነግራቸውም ታየኝ። ይናገርልኝ ያልኩት ስጦታ የሚናገረው ይህን ነበር።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለች አክስቴ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ስኮንትሪኖውን ይዘሻል?»

ደረሰኙ ፓስፖርቴ ውስጥ ነበር፤ ደረሰኝ ጥዬ አላውቅም። ነገ ጠዋት መልሺው አለችኝ። አብረሽኝ ሂጂ ብዬ ለመንኳት። አሮጊቷ የሐኪም ቀጠሮ አላት፤ መቅረት አትችልም። ታዲያ ነገሩን ጽፌ ወረቀቱን ብሰጠውስ ብዬ ጠየቅኩ። ከልቤ ነበር የጠየቅኩት።

«ለባለ ሱቅ ደብዳቤ?» አለች። «አፍሽን ለመቼ ነው የምታስቀምጪው?»

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ በሦስት ሰዓት ሳይከፈት በሩ ላይ ደረስኩ። ካዚሊና ጎዳና ላይ በሚሄደው ትንሹ ባቡር ተቀምጬ አምስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ፣ ዋናው ጣቢያ ቴርሚኒ እስክደርስ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ሽማግሌው በሩን ሲከፍት «ሶሬላ» አለኝ በደስታ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አልኩ፤ እኔ መነኩሴ አይደለሁም። ሁለተኛው፣ ላገባ ነው የሚል ነበር። ሦስተኛው፣ ልብሱ ለእጮኛዬ እናት ስጦታ እንደነበረ የሚናገር ነው። አራተኛው ላይ ስደርስ ሰውየው መነጽሩን ስላወለቀ ቃሉ ጠፋብኝ።

መነጽሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና እስኪያስለው ሳቀ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይስማልኝ ብሎ ሊወጣ መስሎኝ በሩ ላይ ቆምኩ። እሱ ግን ልብሱን ዘርግቶ ምንም እንዳልነካው አየና፣ ገንዘብ እንደማይመልስ፣ በሌላ ዕቃ ግን ሊቀይርልኝ እንደሚችል ቀስ ብሎ ነገረኝ። የመነኩሴውን ቅናሽም አላነሳብኝም። ለመሆኑ እኚህ እናት ምን ይወዳሉ ብሎ ጠየቀኝ።

እጮኛዬ ከነገረኝ ሌላ አላውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ተቀምጬ አንድም ጥያቄ ጠይቄያቸው አላውቅም። ዙሪያውን ስመለከት መቅረዝ፣ ጥቁር ካፖርት፣ የመሠዊያ ጨርቅ ነው። በምሽት በረራ አለብኝ። የቲቸርን ስልክ እጮኛዬ ከሰጠኝ ቆይቷል፤ ደውዬ አላውቅም። አሁንም እሱ ጋ ልደውል ቁጥሩን ከነካሁ በኋላ መልሼ አጠፋሁት። የጠየቁት እኔን ለማወቅ ነው፤ እሱንማ ያውቁታል። ለራሳቸው ደወልኩ።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አሉ።

«እኔ ነኝ ቲቸር፤ ሮም ያለሁት። እንደምን አደሩ?»

«ምነው፣ በሰላም ነው?»

በሰላም ነው አልኩና ጀመርኩ። ከመስታወቱ ተነስቼ እስከ መንጠቆው፣ ከአክስቴ ሳቅ እስከ መነኩሴው ቅናሽ ሁሉንም ነገርኳቸው። መሀል ላይ ዝም ቢሉ እኔም ዝም እል ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ መምህር «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። 

«ቆይ» አሉ ስጨርስ። «እኔ ይሄን ለብሼ ማርያም ልሄድ ነበር?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«መንጠቆም አለው ነው ያልሽኝ?»

«አለው።»

«ለንፋስ ጥሩ ነበር።»

ከዚያ ሲስቁ ሰማሁ። እኔም ሳቅኩ። ሽማግሌው ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮን ሳቀ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ይሄን ሁሉ ማውራት እየቻልሽ ነው ቤቴ መጥተሽ ዳቦዬን ብቻ በልተሽ የምትሄጂው?»

ፈርቼ ነበር አልኳቸው። እሳቸውም ሙሽራ ሳሉ ለአማታቸው ስድስት ወር ያህል ቀና ብለው መልስ ሰጥተው እንደማያውቁ፣ ይህንንም ለልጃቸው ነግረውት እንደማያውቁ አጫወቱኝ። ከዚያ ምን ላምጣልዎ ብዬ ጠየቅኩ። አንቺ በሰላም ግቢ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አሉ። ይህ የወጉ ነው፤ ደግሜ ጠየቅኩ። ምንም አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃቸው ግን መለሱልኝ።

«እግሬን ነው የሚበርደኝ» አሉ። «የዚህ አገር ብርድ ታውቂው የለ። ቄሶቹ ካልሲ ያደርጋሉ?»

ከሽማግሌው ጀርባ፣ ግድግዳው ሙሉ ካልሲ ነበር። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ልስልስ የሱፍ ካልሲ፤ በቀለም በቀለም ተደርድሯል። ጠየቅኩትና እየተረጎምኩ ነገርኳቸው። ጥቁሩ የቄሶች ነው፣ ወይን ጠጁ የጳጳሳት፣ ቀዩ የካርዲናሎች። ማንም መጥቶ የፈለገውን መግዛት ይችላል፤ ቱሪስቶችም ይገዙታል።

«ካርዲናሎች ያልሽኝ ከጳጳሳቱ በላይ ናቸው?»

«በላይ ናቸው።»

«እንግዲያው ቀዩን አምጪ። ጫማ ውስጥ ማን ያየዋል?»

የእግራቸውን ቁጥር ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁ። ሃያ ሦስት ደቂቃ አውርተናል። ለሽማግሌው ሴትዮዋ የካርዲናሉን መርጠዋል ስለው፣ ጥሩ ዓይን አላቸው ብሎ መሰላሉን አመጣ። የልብሱን ዋጋ እስኪያክል ድረስ ካልሲ ሲያወርድልኝ ቆየ፤ በስስ ወረቀት ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ከቀዮቹ ሥር አንድ ጥቁር አስጨምሬያለሁ። ጥቁሩ የልጃቸው ነው።