ለስታኒ የመረጥኩለት ኮምፒውተር

የሚስቴ ወንድም ስታኒ ግትር ነው። ግትር ስል ለወግ ያህል አይደለም፤ እሱ ዘንድ ብትበርም ፍየል ናት። አሥራ አንድ ዓመት እኔ የጀልባችንን ሞተር ስይዝ፣ እሱ ሲጠልቅ፣ ቆሽቴን እንዳሳረረው አለ። አታይ ነው የሚለቅመው። አታይ ባህር ወለል ላይ የሚጋደም፣ ወፍራም አልቅት የሚመስል ፍጥረት ነው፤ እኛ የካልፒቲያ ሰዎች አንቀምሰውም፣ ቻይኖች ግን ይሻሙበታል። ከዳር ያለው ተለቅሞ ስላለቀ ዘንድሮ ስታኒ ሠላሳ ሜትር ድረስ መውረድ ጀመረ። ጥልቀቱን በምን ያውቃል? በመልህቁ ገመድ ቋጠሮ። መቼ ይወጣል? ጀርባው ላይ ያለው አየር ሊያልቅ ሲል። በቃ!

ታላቅ ወንድሙ አማኑኤልም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ይኸው ስምንት ዓመቱ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል፤ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። ሚስቴ ፊሎሚና አንድ ቀን ሩዝ እያቀረበችልኝ፣ "ማርየስ፣ ሁለተኛውንም ወንድሜን ተሸክመህ ብታመጣልኝ፣ እዚህ ቤት አትግባ" አለችኝ። ቀልዷን አልነበረም።

ስለዚህ ስታኒን እየጎተትኩ ሪፋን ሱቅ ወሰድኩት። ሪፋን ቱሪስቶች ጥለውት የሚሄዱትን የጠላቂ ዕቃ የሚሸጥ ጎረምሳ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዕቃ አስቀመጠልን፤ አንዱ ባለ መርፌ ጥልቀት መለኪያ፣ ሌላው እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰር ኮምፒውተር።

"ይቺ ትበቃኛለች" አለ ስታኒ ባለ መርፌዋን አንስቶ። "ስንት ሜትር እንደወረድኩ ትነግረኝና ዝም ትላለች። እንደ እህቴ አትጨቀጭቅም።"

"እሷ የት እንዳለህ ብቻ ነው የምታውቀው" አለው ሪፋን። "ስንት ደቂቃ እንደቆየህ፣ ሰውነትህ ስንት ጋዝ እንደጠጣ አታውቅም። ፀሐይ ላይ ከረሳሃት ደግሞ መርፌዋ ይያዛል። ኮምፒውተሩ ግን ያሰላል። ስትወጣ፣ እዚህ ጋ ቁም፣ ይሄን ያህል ደቂቃ ጠብቅ ይልሃል። ያ ጋዝ ቀስ ብሎ ካልወጣ ነው ሰውን ሽባ የሚያደርገው።"

"ገንዘቤን ከፍዬ አለቃ ልግዛ?"

"ዝም በል!" አልኩት። "የምከፍለው እኔ ነኝ። አለቃ ካስፈለገህ አለቃ ይገዛልሃል።"

ስታኒ ተሳድቦ ወጣ። እኔ ቁጥሩ ደመቅ ያለውን፣ ጩኸቱ ጆሮ የሚበሳውን መረጥኩ። ስታኒ እጁ ላይ አስሮት ሁለት ሳምንት በሰላም ሠራ። እያጉረመረመም ቢሆን ቁም ሲለው ይቆማል፣ ውጣ ሲለው ይወጣል። እኔም ፊሎሚና ፊት ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ሚያዝያ ላይ አታይ የተነጠፈበት ቦታ አገኘን። ግንቦት ላይ ነፋሱ ዞሮ ባህሩ ሊዘጋ ነው፤ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል። ስታኒ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ወረደ። በሦስተኛው አየሩን እስከ መጨረሻው ተጠቅሞ፣ ኮምፒውተሩ ቁም እያለ ሲጮህ፣ መቆሚያ አየር አጥቶ በቀጥታ ወጣ። ጀልባው ላይ ሳየው ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ሁሉ አጥፍቶ አንድ ምልክት ብቻ ያብለጨልጫል። ብነካካው፣ ብጫነው፣ ወይ ፍንክች።

ደሜ ፈላ። በሁለት ሳምንቱ የሚሞት ዕቃ! እንደመጣን በቀጥታ ሪፋን ዘንድ ሄድኩ።

ሪፋን አየት አደረገውና፣ "ጋሼ ማርየስ፣ አልተበላሸም እኮ" አለኝ። "ሳይቆም ስለወጣ ነው የተቆለፈው። ሁለት ቀን ይረፍ። ሰውየውም አብሮ ይረፍ።"

"ሁለት ቀን? ነፋሱ ላንተ ብሎ ይጠብቀኛል?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ ሥራው እንዲህ ነው..."

"ሥራው ሌባ ማበልጸግ ነው! በቅድስት ሐና፣ ዛሬ ካልቀየርክልኝ ካልፒቲያ ውስጥ ከአንተ ጋር የሚገበያይ አንድ ጠላቂ አይኖርም!"

ገበያተኛው ቆሞ ያየናል። ሪፋን ፊቱ ቀላ። ከመደርደሪያው ሌላ፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል አውርዶ እጄ ላይ አኖረው። "በኋላ እንዳትወቅሰኝ" አለ። አሸንፌ ወጣሁ። አሸንፌ!

በማግሥቱ ጠዋት ስታኒ ትከሻውን ያሻል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ተኝቼበት ነው፣ ማቻን" አለኝ፤ የእህቱን ባል እንዲህ ነው የሚጠራው። "እንደ አሮጊት አትነዝንዘኝ።"

አዲሱ ኮምፒውተር ንጹሕ ነው፤ ደቂቃውን በሽ በሽ አድርጎ ይፈቅዳል። "አየህ፣ ደህና ዕቃ እንዲህ ነው" አልኩት። ስታኒ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ታዝዞ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ወረደ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቁም ሲለው ቆመ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ሁለተኛውን ሲወጣ የጀልባውን ጠርዝ ያዘና ቀረ።

"ማቻን፣ እግሬን የያዘው ምንድነው? ገመድ ነው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውኃው ጥርት ያለ ነው። ገመድ የለም።

እንዲህ የሆነ ጠላቂ የሚታከምበት የግፊት ክፍል ያለው ሐኪም ቤት፣ ደሴት በሆነችው አገራችን ወዲያኛው ጠረፍ ነው። በተከራየነው ሚኒባስ ወለል ላይ አጋድመን፣ ፊሎሚና ጭንቅላቱን ታቅፋ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ዶክተሩ እግሩን ከታች እስከ ላይ በመርፌ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገው። ስታኒ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ "ጀምር እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለው።

ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ከእጁ ፈቶ እየተጫነ አነበበ።

"ሁለት ጊዜ ጠልቋል፤ ሁለቱም ልክ ነው" አለ ግንባሩን ቋጥሮ። "ከዚህ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣም። ትናንትስ? እዚህ ላይ ትናንት ባህር አልገባም ነው የሚለው።"

ፊሎሚና ቀና ብላ አየችኝ፤ ትናንት ሦስት ጆንያ አታይ ስናወርድ የተቀበለችን እሷ ነበረች።

"ትናንት አርፌ ነው የዋልኩት" አለ ስታኒ ከአልጋው ላይ።

ያ ግትር! እግሩ ሞቶ እኔን ይሸፍናል። በዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"ይዋሻል፣ ዶክተር" አልኩ። "ሦስት ጊዜ ወርዷል። የመጨረሻውን ሳይቆም ነው የወጣው። ያኛው ኮምፒውተር አይሆንም ብሎ ተቆልፎ ነበር፤ ስለ ትናንት የማያውቅ ቀይሬ ያሰርኩለት እኔ ነኝ።"

ዶክተሩ የጻፈውን ሰርዞ እንደገና መጻፍ ጀመረ። ፊሎሚና የወንድሟን ጫማ ከአልጋው ሥር አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።