ወይራ በአፍ፣ ተረት በጆሮ

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት የሚሰማው መፋቂያ በአፍ ተይዞ ነበር። መንደራችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። እራት ተበልቶ ሲያበቃ የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ምድጃውን ከበን እንቀመጥና፣ የአባቴ አክስት እማሆይ ጥሩ ከጓሮ የቆረጡትን የወይራ እንጨት እየላጡ ያድሉናል። ቅርፊቱን ፍሙ ላይ ሲጥሉት ጭሱ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል። ሁላችንም መፋቅ ካልጀመርን ተረት የለም፤ በመጨረሻም የእንጨታችንን ጫፍ በኩራዙ ብርሃን እያዩ፣ ጫፉ እንደ ብሩሽ ያልተፈተለበትን ልጅ ይቆጣሉ።

እማሆይ በዚያ ዕድሜያቸው የገብስ ቆሎ ይቆረጥሙ ነበር። ሰንበቴ ላይ ሳይቀር «የእኔ ቤት ልጅ ጥርሱን አይታመምም» እያሉ ይመኩብናል።

እኔን ያጠፋኝ የጅቡ ተረት ነው። ጥርሱ የታመመ ጅብ አህያ ዘንድ ሄዶ እዪልኝ ቢላት፣ እኔ የማየው በኋላ እግሬ ነው ብላ ከኋላዋ ታስቆመዋለች። ያኔ ሌሎቹ እየሳቁም ይፍቃሉ፤ እኔ ግን ጅቡ አፉን ሲከፍት አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። እንጨቱ ጉንጬ ውስጥ ተወትፎ ያመሽና፣ ተረቱ ሲያልቅ ጫፉን ነከስ ነከስ አድርጌ አሳያለሁ። ስንት ምሽት እንዲህ እንዳታለልኳቸው እኔም አላውቀው።

አንድ ክረምት የመንጋጋ ጥርሴ ተቦርቡሮ ጉንጬ አበጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ ቅርንፉድ ነከስኩ፣ በጨውና በሞቀ ውሃ ተጉመጠመጥኩ፤ ጥቂት ያስታግስልኝና ይብስብኛል። አፌን መክፈት ሲያቅተኝ አባቴ በበቅሎ አፈናጦ ቡሬ ወሰደኝ፤ ጥርሱም ተነቀለ።

ወሬው ግን ቀድሞን መንደር ገብቶ ኖሯል። ጎረቤቶች በእማሆይ ወይራ ያሽሟጥጡ ጀመር፤ ልጆቻቸውንም መላክ ተዉ። እማሆይም እንጨት መቁረጡን ትተው፣ እራት እንደተበላ ወደ መደባቸው መሄድ ያዙ። አንድ ማታ ለእናቴ ልጅቱን የጎዳኋት እኔ ነኝ ሲሏት ሰማሁ። ከጥርሱ ሕመም ይልቅ ያ አመመኝ።

በማግስቱ መደባቸው ሥር ተቀምጬ፣ ዱላውን እየጠበቅሁ ተናዘዝኩ።

«እማሆይ፣ ጥፋቱ የወይራው አይደለም። እርስዎ ሲያወሩ መፋቁን እረሳዋለሁ። ጫፉን ነክሼ ነው የማሳይዎት።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ «ለካ ተረቱ ጥሞሽ ኑሯል፣ ልጀ?» አሉኝ።

ጥፋቴን ለጎረቤቶቹ ቤት ለቤት እየዞርኩ ተናገርኩ፤ ያፈርኩትን እኔ አውቃለሁ። ልጆቹ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ግን መጀመሪያ ይፋቃል፣ ከዚያ አፍ ይታጠባል፣ ተረቱ በኋላ ነው።

ያኔ «ጥሞሽ ኑሯል» ማለታቸው ይቅርታ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላ፣ ለራሴ ልጆች ስተርት ነው የገባኝ። አንዱ ልጄ «እማዬ፣ ድገሚው» ሲለኝ ደስታው ይንጠኛል። እማሆይ ያን ሁሉ ዓመት ሲተርቱልን አንዳችንም ጣመን ብለን ነግረናቸው አናውቅም፤ ቢጠይቁን እንኳ የምንመልስበት አፍ አልነበረንም።