ጉንጩ ያበጠው የሸክላ ሰውዬ

2016 ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜዬ ሰባ አራት። ጎህ ሲቀድ ከልጄ ከሄለን ጋር አሜሪካ ከምንኖርባት ከሾርላይን ከተማ ወጣን። ያስነሳን አንድ የሸክላ ሰውዬ ነው። ሄለን ጎረቤት ዕቃ ሲሸጥ ገዝታ ሳሎን ጎለተችው፤ ቁጭ ያለ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አንድ ጉንጩ ያበጠ። ባለቤቴ አልጋነሽ ገና እንዳየችው ቃልቻ ነው፣ እሱ ባለበት ቤት አላድርም ብላ ቡሪየን የምትኖር እህቷ ዘንድ ገባች። እኔ ደግሞ ጥርሱን ያመመው ምስኪን ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። መሃል ከተማ ሙዚየም ውስጥ የዚሁ ዓይነት እንዳለ ስሰማ፣ አረጋግጬ፣ ተሳስተሻል ብዬ አሳፍሬ ወደ ቤት ላመጣት ተነሳሁ።

ባቡር ላይ። ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍቷል። እንደምን አደራችሁ ብል ቀና ያለ የለም። ከብት እንኳ ጆሮውን ያቆማል።

ረፋድ፣ መሃል ከተማ። ቡና ሰባት ዶላር፣ ያውም በወረቀት ስኒ። ሙዚየሙ ውስጥ ሸክላው በመስታወት ተከድኖ፣ መብራት በርቶለት፣ ዘበኛ ቆሞለታል። ሰዉ በሹክሹክታ ያወራል። ሄለን ጽሑፉን አነበበችልኝ። ደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ድሮ የሠሩት ነው፤ ጉንጩን የወጠረው ቅጠል ነው፤ እሱን እየቃመ ከመናፍስት ጋር ያወራል፣ በሽተኛ ያድናል።

«ሶ፣ አባዬ፣ እማዬ ልክ ናት» አለች።

«ጥርሱን አሞት የቃመው ቢሆንስ?»

ሳቀችብኝ። ቃልቻ ደጅ ጫማ ያስወልቃሉ፣ እዚህ ትኬት ያስቆርጣሉ፤ ሌላ ልዩነት አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ፣ ቡሪየን። የአልጋነሽ እህት ጽጌ፣ ጋሼ ይግቡ እንጂ እያለች አስገባችን። አልጋነሽ ሽንኩርት ትልጣለች። ስለ ባቡሩም ስለ ቡናውም አወራሁላት።

«ስለ ሰውዬው ንገረኝ» አለች።

«ቅጠል ይቅማል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ እህቴ እየሰማች ልክ ነበርሽ በለኝ። አሁኑኑ ነጠላዬን ለብሼ እከተልሃለሁ።»

ውሃዬን ጠጥቼ ተነሳሁ። ቤት እንደደረስን ሄለን ክፍሏ ገባች። ሳሎን ውስጥ ከሸክላው ጋር ብቻችንን ቀረን።

በማግስቱ ጠዋት ሸክላውን አውጥቼ ሄለን መኪና ላይ ጫንኩና የፈለግሽበት አድርሺው አልኳት። ከዚያ ቡሪየን ደወልኩ። አልጋነሽ ስታነሳ፣ ጽጌ እንድትሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊው አልኳት። «ልክ ነበርሽ» ብዬ ሳትመልስልኝ ዘጋሁት።