አስር ደቂቃ የቀደመው ሰዓት

ቺዙሩ ፀጉሯ የሸበተው በአንዲት የወደብ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ በውሃ ክፍያ ክፍል ውስጥ ነው። የታዘዘችውን ሳትፈጽም የዋለችበት ቀን የለም፤ ይህም ለሹመት ሳይሆን ለተጨማሪ ሥራ ሲያሳጫት ኖሯል። ባሏ ቴትሱሮ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ነገር እንኳ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም፤ ለሞት ብቻ ቸኮለ።

እንደ እምነታቸው ሰው በሞተ በአርባ ዘጠነኛው ቀን የሚደረገው ጸሎት ሰኞ ላይ ዋለ። ለቤተ መቅደሱ መነኩሴ ተነግሮታል፤ የቀረው የቢሮ ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃድ ደግሞ በአፍ አይጠየቅም። በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ድረ ገጽ ገብቶ፣ ቢዘገይ አርብ ከቀትር በፊት መላክ ያስፈልጋል። ሟች ቀኑን ሲመርጥ ይህን ማጣራት ነበረበት።

አርብ ረፋድ ላይ ስሟንና የይለፍ ቃሏን ጻፈች። መጠየቂያው ሳጥን ጠፋ፤ ወዲያው ተመለሰ። ደግማ ጻፈች። ተመለሰ። ወጣትነቷን የሰጠችው ቤት ማንነቷን ደጋግሞ ይጠይቃት ጀመር።

ከኮምፒውተር ክፍል አቶ ኒሺሞሪ ተጠርቶ መጣ።

«እትዬ፣ የይለፍ ቃሉን ረስተውት ይሆናል።»

«የቀበርኩት ባሌን ነው፤ ጭንቅላቴን አይደለም።»

ኒሺሞሪ አዲስ የይለፍ ቃል ሰጣት። ሳጥኑ ተመለሰ። ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ሁሉ ጠራረገ። ተመለሰ። ሌላ ብራውዘር ከፈተ፤ ያኛው ባማረ ፊደል ከለከላት። በመጨረሻ የራሱን ስም አስገባ።

«እኔንም አላስገባ አለኝ!»

«እሰይ! ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ መስሎኝ ነበር የሚመልሰው።»

«እንግዲያው ችግሩ ማሽኑ ላይ ነው» አለና በስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓት አየ፤ ቀጥሎ የእጅ ሰዓቱን። «ይሄ ለምን ይቀድማል?»

«የክፍላችን ደንብ ነዋ።»

ደንቡ የኃላፊው የኢዋቡቺ ነበር። ለእሱ በሰዓቱ የመጣ ሰው ዘግይቷል። የግድግዳውን ሰዓት አስር ደቂቃ አስቀድሞ፣ በዚህ ሳምንት የጠዋት ስብሰባ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሮቹም እንዲቀድሙ አዘዘ። ሁሉም ጎንበስ ብለው «እሺ» አሉ። ቺዙሩም «እሺ» አለች፤ አለችና አደረገችው።

«እትዬ፣ ሰርቨሩ፣ ዋናው ኮምፒውተር እኮ፣ ሰዓትዎ ከእሱ ከራቀ አያምንዎትም። ሌባ የይለፍ ወረቀትዎን ይዞ የመጣ ይመስለዋል።»

«ቀድሞ የሚመጣ ሌባ አለ?»

«እሱ መቅደምና መዘግየት አይለይም። ሰዓቱን ይመልሱት።»

«ያለ ኃላፊው ፈቃድ?»

ተያይዘው ወደ ኢዋቡቺ ጠረጴዛ ሄዱ። ኃላፊው ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ወደ ግድግዳው ጠቆመ።

«ወይዘሮ ቺዙሩ፣ ቀትር እኮ አልፏል። አዝናለሁ። ቀደም ማለት ነበረብዎት።»

«በዚያ በግድግዳው ሰዓት ነው ያለፈው» አለ ኒሺሞሪ፤ አንገቱንም ወደ ኃላፊው ስክሪን አሰገገ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ የእርስዎ ኮምፒውተር ግን ልክ ነው። ቀትር ገና ነው የሚለው።»

«የኔማ... ከበላይ አካል ጋር የምጻጻፍበት ነው።»

ቺዙሩ ዘወር ብላ የባልደረቦቿን ስክሪኖች አንድ በአንድ ተመለከተች። ሁሉም ልክ ነበሩ።

«ሁላችሁም?»

አንዱ ስቴፕለሩን አንስቶ አጥብቆ መረመረው።

ቺዙሩ እጅ ሳትነሳ ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ክፍል ታይቶ አይታወቅም። ሰዓቱን መለሰች፤ ስሟን ጻፈች። ሳጥኑ ጠፋ፤ አልተመለሰም። ጥያቄዋን ላከችና እዚያው ተቀምጣ ኃላፊውን ትክ ብላ አየችው። ኢዋቡቺ አጸደቀ፤ ኒሺሞሪ አጠገቡ ቆሞ ሌላ ምን ያድርግ!

ሰኞ ጠዋት ቺዙሩ ሻይዋን እስኪበርድ ጠብቃ ጠጣች፤ ጫማዋን ሁለት ጊዜ ቀየረች። ቤተ መቅደሱ ስትደርስ መነኩሴው ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር።

«ዘገዩ እኮ፣ ወይዘሮ ቺዙሩ። እርስዎ እንዲህ አልነበሩም።»

«አባ፣ ቴትሱሮን አያውቁትም እንዴ?» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «እሱ ሳይደርስ በሰዓቱ ብንጀምር ማን ሊሰማን!»